የኬልት አፈ ታሪክን ከየት እንጀምር? አማልክቱ፣ ኩኹሊን፣ ፊን ወይስ ማቢኖጊ

የኬልት አፈ ታሪክ ለማንበብ ፈልጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትገቡ መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ የአማልክት ዝርዝር ነው። ሉግ እንዲህ ነው፣ ሞሪጋን የጦርነት አምላክ ናት፣ ዳግዳ የሁሉ አባት ነው እያለ ይወርዳል። ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ብትሸመድዱት አንድም ታሪክ እጃችሁ ላይ አይቀርም። የግሪኮቹን ለምዳችሁ ከመጣችሁ ደግሞ እንደ ዜውስ ከላይ ሆኖ የሚገዛ አንድ አምላክ ፈልጋችሁ ታጡታላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰለቸውና ይተወዋል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ታሪኮቹ ራሳቸው በጣም ያምራሉ።

የእኔ ምክር አጭር ነው። ከዝርዝሩ ሳይሆን ከአንድ የታሪክ ስብስብ ጀምሩ። ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ የአየርላንድ፣ አንዱ የዌልስ። ባሕርያቸው ለየቅል ነው። አንዱን የሚወድ ሰው ሌላውን ላይወደው ይችላል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመምረጣችሁ በፊት ግን ታሪኮቹ በማን እጅ አልፈው እንደመጡ ማወቅ ይበጃል። ኬልቶች የሚባሉት በጥንት ዘመን ከመካከለኛው አውሮፓ እስከ አየርላንድ ተዘርግተው የኖሩ፣ ተቀራራቢ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች ናቸው። ድሩይድ የሚባሉት ካህናቶቻቸው ትምህርታቸውን በጽሑፍ አያሰፍሩም ነበር። ዩሊየስ ቄሳር እንደጻፈው አንዳንዱ ተማሪ 20 ዓመት ሙሉ በቃሉ ሲያጠና ይኖራል። ሮማውያን ጎልን፣ ማለትም የዛሬዋን ፈረንሳይና አካባቢዋን ሲይዙ ያ በቃል የተያዘው ሁሉ አብሮ ጠፋ። አየርላንድ ግን በሮም ሥር ገብታ አታውቅም። ክርስትና ሲመጣ መነኮሳቱ ፊደል ይዘው መጡ፤ የአገሬውን ተረትም ጻፉት። ከቀሩልን መጻሕፍት ጥንታዊ የሆነው በ1100 አካባቢ ክሎንማክኖይዝ በተባለው ገዳም የተጻፈ ነው።

እነዚህ ጸሐፊዎች ለሚጽፉት ነገር ሁለት ልብ ነበራቸው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውና ዛሬ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ የሚገኘው የላይንስተር መጽሐፍ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ትልቁ የኡልስተር (የአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል) ታሪክ ካለቀ በኋላ በአይሪሽ ቋንቋ አንድ ምርቃት አለ። ይህን ታሪክ ሳይለውጥ በታማኝነት በቃሉ ለሚይዝ ሁሉ በረከት ይሁን ይላል። ወዲያው ከሥሩ ደግሞ በላቲን ሌላ ማሳሰቢያ ተጽፏል። እኔ ይህን የጻፍኩት ሰው ለብዙው ነገር እምነት አልሰጥም፤ አንዳንዱ የአጋንንት ማታለያ ነው፣ አንዳንዱ የገጣሚ ፈጠራ፣ አንዳንዱም ለሞኞች መደሰቻ የተጻፈ ነው ይላል። አማልክቱ በታሪኮቹ ውስጥ ሰው ሰው የሚሸቱት፣ የሚቆስሉትና የሚሞቱት በከፊል ለዚህ ነው። አምላክ ናቸው ብሎ በግልጽ መጻፍ መነኩሴውን ይከብደዋል።

አማልክቱን ለሚሉ፦ ቱዋሃ ዴ ዳናን

አማልክቱን ሳላውቅ ምን አነባለሁ የምትሉ ከሆነ በማይቱራ ጦርነት ጀምሩ። ይህ ቱዋሃ ዴ ዳናን የሚባሉት አማልክት ፎሞሮች ከተባሉ ጨቋኞች ጋር ያደረጉት ውጊያ ታሪክ ነው። ዋና ዋናዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይገኛሉ፤ ድስቱ የማይጎድለው ዳግዳ፣ ሞሪጋን፣ ንጉሡ ኑዋዳና ሉግ።

የሉግ አገባብ ለብቻው መነበብ ያለበት ነው። ኑዋዳ በታራ ቤተ መንግሥት ድግስ ደግሷል። አንድ ወጣት በር ላይ ደረሰ። ሙያ የሌለው ሰው ታራ አይገባምና በረኛው ምን ትችላለህ ይለዋል።

«አናጺ ነኝ።»

«አናጺ አለን።»

«ቀጥቃጭ ነኝ።»

«እሱም አለን።»

በገና ደርዳሪ ነኝ፣ ገጣሚ ነኝ፣ ሐኪም ነኝ እያለ ይቀጥላል። ሁሉም አላቸው። በመጨረሻ እንግዲያው ግባና ንጉሡን ጠይቅልኝ፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚችል ሰው አለው ወይ አለው። አልነበራቸውም። ገባ። ኋላም የፎሞሮችን አለቃ ባሎርን የገደለው እሱ ነው። ባሎር የእናቱ አባት፣ አያቱ ነበር። ዓይኑ ያየውን ሠራዊት ያጠፋል፤ የዓይኑን ቆብ የሚያነሱለትም አራት ሰዎች ናቸው። ሉግ በወንጭፍ ድንጋይ ዓይኑን ወደ ኋላ ገፋው፤ ዓይኑ የራሱን ወገን አየ።

ከዚህም ይበልጥ ልብ የሚነካው የሐኪሙ የዲያን ኬክት ታሪክ ነው። ኑዋዳ በጦርነት ክንዱን አጥቷል፤ አካሉ የጎደለ ሰው መንገሥ አይችልም። ዲያን ኬክት የብር ክንድ ሠራለት። ልጁ ሚያክ ግን ከአባቱ በለጠ። በዘጠኝ ቀንና ሌሊት መገጣጠሚያን ከመገጣጠሚያ፣ ጅማትን ከጅማት አጋጥሞ የሥጋውን ክንድ መለሰለት። አባትየው ቀና፤ ልጁን ገደለው። ከሚያክ መቃብር ላይ በመገጣጠሚያዎቹና በጅማቶቹ ቁጥር 365 ዕፅዋት በቀሉ። እህቱ አርሜድ ነጠላዋን ዘርግታ እያንዳንዱን እንደ መድኃኒትነቱ ለየችው። አባትየው መጥቶ ሁሉንም ደባለቀው። የዕፅዋቱን ሙሉ ጥቅም እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን የመጀመሪያ ምርጫዬ አላደረግሁትም? ስም ይበዛል። ታሪኩ ይቆራረጣል። አንዱ ክፍል ብሬስ ስለተባለ ስስታም ንጉሥ ያወራል፤ ከቤቱ የሚመለስ እንግዳ ቢላዋው ስብ አይነካም፣ ትንፋሹ ጠላ አይሸትም ይባልለታል። ይህን በደንብ ሳታጣጥሙ ሌላ ይመጣል። ከአንዱ ጀግና ጋር ረጅም መንገድ መጓዝ የሚወድ አንባቢ እዚህ አይረካም። ቁርጥራጭ ቢሆንም የእያንዳንዱን ትዕይንት ውበት የሚወድ ሰው ግን ይረካል።

ጀግና ለሚሉ፦ ኩኹሊንና የኡልስተር ታሪኮች

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያለማመንታት ይህን እመርጣለሁ። የኩሊ ላሞች ዘረፋ ይባላል። ጀግና ሲፎክርና ሲያቅራራ ሰምቶ ላደገ ሰው ደግሞ ቋንቋው አይርቅበትም። ከብት ሀብት ነው፣ ስም ከሕይወት ይበልጣል፣ ተዋጊው ከመግጠሙ በፊት ማንነቱን ይናገራል።

የሚጀምረው መኝታ ላይ ነው። የኮናክት (የምዕራብ አየርላንድ) ንግሥት ሜቭና ባሏ አሊል ጎን ለጎን ጋደም ብለው ማን ይበልጥ ሀብታም ነው እያሉ ይከራከራሉ። እቃው ሁሉ ወጥቶ ይቆጠራል፤ ድስቱ፣ ቀለበቱ፣ በጉ፣ ፈረሱ። እኩል ሆኑ። በአንድ ነገር ብቻ አሊል በለጠ፤ ነጭ ቀንዳም በሬ አለው። በሬው የተወለደው ከሜቭ መንጋ ነበር፤ በሴት መገዛትን ንቆ ወደ ንጉሡ መንጋ ሄደ። ሜቭ አላስቻላትም። እኩያው የሆነ ቡናማ በሬ በኡልስተር፣ ኩሊ በሚባል አገር አለ ተባለች። መልእክተኞች ላከች፤ ለአንድ ዓመት ውሰት ብቻ። ባለቤቱ እሺ አለ። ማታ ላይ ግን መልእክተኞቹ ሞቅ ሲላቸው እሺ ባይለንም በጉልበት እንወስደው ነበር አሉ። ባለቤቱ ሰማ። ነገሩ በዚያው ፈረሰ፤ ጦርነት ሆነ።

የኡልስተር ወንዶች ደግሞ እርግማን አለባቸው። ማካ የተባለች ነፍሰ ጡር ሴት ከንጉሥ ፈረሶች ጋር እንድትሮጥ አስገድደዋት ነበር። ሮጣ አሸነፈች፤ ውድድሩ መጨረሻ ላይ መንታ ወልዳ ረገመቻቸው። በክፉ ቀናቸው ሁሉ ምጥ እንዲይዛቸው። ስለዚህ የሜቭ ጦር ሲመጣ መቆም የቻለው ከእርግማኑ ውጭ የነበረው የ17 ዓመቱ ኩኹሊን ብቻ ነበር። በየመሻገሪያው እየቆመ አንድ ለአንድ ይገጥማቸዋል።

እዚህ መሐል ነው የፈርዲያ ውጊያ ያለው። ኩኹሊንና ፈርዲያ ስካሃክ ከምትባል ሴት የጦር መምህር ዘንድ አብረው ያደጉ፣ ወንድማማች የሆኑ ናቸው። ሜቭ በስጦታም በማሳፈርም ፈርዲያን ገፋፍታ ላከችው። መጀመሪያ ቀን በጦር ተወራወሩ። ሲመሽ መሣሪያቸውን ጥለው ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ። ፈረሶቻቸው አንድ በረት አደሩ፣ ነጂዎቻቸው አንድ እሳት ሞቁ። ኩኹሊን ለቁስሉ ከተደረገለት መድኃኒት እኩሌታውን ወንዙን አሻግሮ ለፈርዲያ ላከ። ፈርዲያም ከምግቡ እኩሌታውን ላከለት። ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ። በሦስተኛው ማታ ግን ፈረሶቹ ለየብቻ አደሩ። እሳቱም ሁለት ሆነ። ሞት መምጣቱን አንባቢው የሚያውቀው በዚህ ነው። በአራተኛው ቀን ኩኹሊን ማንም የማይመክተውን ጦሩን ከውኃው ውስጥ በእግሩ ወረወረ። ከዚያ የወንድሙን ሬሳ ተሸክሞ ወንዙን ተሻገረና አለቀሰለት። ትናንት ከተራራ ይበልጥ ነበር፣ ዛሬ ጥላው ብቻ ቀረ ይላል ሙሾው። ቦታው ዛሬም በፈርዲያ ስም የሚጠራ ከተማ ነው፤ አርዲ።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። ደም ይበዛል። የጥንቱ ጸሐፊ የቦታ ስም ማስረዳት ስለሚወድ ታሪኩ አንዳንዴ ይቆማል፤ እነዚህን ዘላችሁ ብታልፉ ምንም አይጎድልባችሁም። ንባቡን ደግሞ ከኩኹሊን ልጅነት ታሪክ ጀምሩ። ሴታንታ የሚባል ትንሽ ልጅ ነበር። ኩለን የተባለውን ቀጥቃጭ ውሻ ራሱን ሲከላከል ገደለው። ሰውየው ሲያዝን አይቶ ሌላ ቡችላ እስኪያድግ እኔ እጠብቅልሃለሁ አለ። ኩኹሊን፣ የኩለን ውሻ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። የውሻ ሥጋ መብላትም እርም ሆነበት። ይህን ካወቃችሁ መጨረሻው ላይ ሦስት አሮጊቶች መንገድ ዳር የውሻ ሥጋ ጠብሰው ብላ ሲሉት የሚሆነውን ትረዳላችሁ። ቆስሎም ቆሞ ለመሞት ራሱን ከድንጋይ ጋር አሰረ። ቁራ ትከሻው ላይ እስክታርፍ ድረስ ጠላቶቹ ሊጠጉት አልደፈሩም። ሐውልቱ ደብሊን ዋናው ፖስታ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ አይሪሾች በ1916 በብሪታንያ አገዛዝ ላይ ያነሱትን አመፅ ለማስታወስ የተቀመጠ ነው።

ለልጆችና ለመተረክ፦ ፊንና ጓዶቹ

የፊን ማክኩል ታሪኮች ቀለል ያሉ ናቸው። ፊንና ፊያና የተባሉት አዳኝ ተዋጊዎቹ ጫካ ለጫካ ይዞራሉ፣ አጋዘን ያባርራሉ፣ ከአስማተኛ ጋር ይገጥማሉ። በአየርላንድና በስኮትላንድ ገበሬው እሳት ዳር ሲተርክ የኖረው ይህን ነው። ስለዚህ ጮክ ብሎ ሲነበብ ያምራል።

ለልጅ የዕውቀቱን ዓሣ ንገሩት። ሽማግሌው ገጣሚ ፊኔጋስ የዓለምን ዕውቀት የያዘውን ሳልሞን ዓሣ ቦይን ወንዝ ዳር ሰባት ዓመት ጠበቀው። ያዘው። ለትንሹ ፊን ጥበስልኝ፣ እንዳትቀምስ አለው። ዓሣው ላይ ውኃ የቋጠረች እብጠት ተነሳች፤ ፊን በአውራ ጣቱ ሲጫናት አቃጠለችው። ጣቱን አፉ ከተተ። ዕውቀቱ ወደ ልጁ ሄደ። ሽማግሌው ዓይኑን ሲያይ ገባውና ዓሣውን ራስህ ብላው አለው።

ትልልቆቹ ደግሞ ዲርሚድና ግሮኒያን ያንብቡ። ፊን አርጅቶ ወጣቷን ግሮኒያን ሊያገባ ሲል እሷ በድግሱ ላይ ዲርሚድን አስገድዳ ይዛው ትጠፋለች። ዓመታት ይሸሻሉ። በመጨረሻ ዲርሚድን ስላይጎ ውስጥ ቤን ቡልበን ተራራ ላይ ከርከሮ ይጥለዋል። ፊን በእጁ ውኃ ቢያጠጣው ይድናል። ሁለት ጊዜ ውኃው በጣቶቹ መሐል እንዲፈስ ተወው። ሦስተኛው ሲደርስ ዲርሚድ አልፏል። ጀግናውን እንደዚህ በክፋቱ የሚያሳይ ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ኦሺን የፊን ልጅ ነው። ኒቭ የምትባል ልጅ በነጭ ፈረስ ወደ ወጣትነት አገር ወሰደችው። ጥቂት ጊዜ የቆየ መስሎት ሲመለስ 300 ዓመት አልፏል። ከፈረሱ እንዳይወርድ ተነግሮታል። ድንጋይ ያቃታቸውን ሰዎች ሊረዳ ጎንበስ ሲል መታጠቂያው ተበጠሰ፤ መሬት ሲነካ አረጀ። በ1200 አካባቢ የተጻፈው ትልቁ የፊያና መጽሐፍ የሚያቀርበው ደግሞ ከፊያና የተረፉ ሽማግሎች ክርስትናን በአየርላንድ ከሰበከው ከቅዱስ ፓትሪክ ጋር ሲገናኙ ነው። ፓትሪክ ታሪኩን ሲሰማ ከጸሎቴ አዘናጋኝ ብሎ ይጨነቃል። ሁለት መላእክት መጥተው ጻፈው ይሉታል።

ድካሙ ጥልቀቱ ወጥ አለመሆኑ ነው። አንዱ ታሪክ ድንቅ ነው፣ ቀጣዩ አደን ብቻ።

ማቢኖጊ፦ ዌልስ

የዌልሱ ማቢኖጊ አራት ቅርንጫፎች አሉት። አጭር ነው፣ አረፍተ ነገሩ ጥርት ያለ ነው፣ ሰው ውስጥ ይገባል። ከአራቱም ስብስቦች በአጻጻፉ የምወደው ይህን ነው። የቀሩልን ሁለት ዋና ቅጂዎች በ14ኛው ክፍለ ዘመንና በ15ኛው መባቻ የተጻፉ ናቸው።

የሪያነንን ቅጣት ተመልከቱ። ልጇ በተወለደ ሌሊት ጠፋ። የሚጠብቁት ሴቶች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበርና ፈርተው የቡችላ ደም ፊቷ ላይ ቀቡ፤ ልጇን በላች አሉ። ቅጣቷ ሰባት ዓመት በር ላይ ተቀምጣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሪኩን መንገር፣ በጀርባዬ ልሸከምህ ብሎ መጠየቅ ሆነ። ጸሐፊው አንድ ነገር ይጨምራል፤ ተሸከሚኝ ብሎ እሺ ያለ እምብዛም አልነበረም። ልጁ በኋላ በሰላም ይመለሳል።

ብራንወን ደግሞ አየርላንድ ተድራ በአንዱ ወንድሟ በደል ምክንያት ወደ ወጥ ቤት ተጣለች። ሥጋ ቆራጩ በየቀኑ በጥፊ ይመታታል። እሷ ቡሐቃው ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አሳድጋ ቋንቋ አስተማረቻት፣ ደብዳቤ ከክንፏ ሥር አስራ ባሕር አሻግራ ላከቻት። ሌላው ወንድሟ ግዙፉ ብራን ሊያድናት መጣ። ወንዝ ሲያግደው ተዘርግቶ ሠራዊቱ በላዩ ተሻገረ፤ አለቃ የሆነ ድልድይ ይሁን ብሎ። ከጦርነቱ በኋላ ከብራን ሠራዊት የተረፉት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አራተኛው ቅርንጫፍ ውስጥ ከአበባ የተሠራች ሴት አለች፤ ብሎደይወድ። ሳትጠየቅ ተዳረች፣ ሌላ ወደደች፣ ባሏን ልታስገድል ተማከረች፣ ጉጉት ሆና ቀረች።

ጦርነትና ፉከራ የማይስባችሁ፣ የትዳርን፣ የሐፍረትንና የይቅርታን ነገር ማንበብ የምትወዱ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። አማልክትን የሚፈልግ ግን ይቸገራል፤ ሁሉም እንደ መኳንንት ነው የሚኖሩት፣ አምላክነታቸው ደብዝዟል።

የጎል አማልክትስ?

ታሪካቸው ስለጠፋ ለንባብ አይሆኑም፤ ለዓይን ግን ይሆናሉ። ፓሪስ ክሉኒ ሙዚየም ውስጥ ከኖትርዳም ሥር የተቆፈረው የጀልበኞች ዓምድ አለ፤ ቀንዳሙ አምላክ ከርኑኖስ ስሙ ተጽፎ የሚታየው እሱ ላይ ነው። የፈረስ አምላኳን ኤፖናን የሮም ፈረሰኞች ሳይቀሩ ያከብሯት ነበር። ስለ እነሱ ረጅም ተረት የሚተርክላችሁ ካለ ከየት አመጣኸው በሉት።

ትርጉም ስለመምረጥ

በእንግሊዝኛ ለምታነቡ፣ ለኩኹሊን የቶማስ ኪንሴላን የ1969 ትርጉም ያዙ። ለማቢኖጊ የሲዮነድ ዴቪስ የ2007 ትርጉም ይሻላል፤ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ታስቦ የተሠራ ነው። ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ሰው የሌዲ ግሪጎሪን የ1902ና የ1904 መጻሕፍት በነፃ ኢንተርኔት ላይ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ስለ ኩኹሊን ነው፣ ሁለተኛው ለፊንና ለአማልክቱ በቂ ነው። ለስለስ ስላደረገቻቸው ግን ብልግናውና ጭካኔው ተቀንሷል። የሻርሎት ጌስት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የማቢኖጊ ትርጉምም እንዲሁ ነፃ ነው፣ ቋንቋው ግን ከባድ ነው።

ለልጅ የምታነቡ ከሆነ የሊር ልጆችን መጀመሪያ አታንሱ። አራት ልጆች በእንጀራ እናታቸው አስማት ስዋን የተባለ የውኃ ወፍ ሆነው 900 ዓመት በሦስት ውኃዎች ላይ የሚንከራተቱበት ነው፤ ዝነኛ ስለሆነ በየልጆች መጽሐፉ ይገባል፣ ግን ለትንሽ ልጅ በጣም ያሳዝናል። ዓሣውን አስቀድሙ። ቀጥሎ የሴታንታን ልጅነት። የፈርዲያን ውጊያ አሥራዎቹ ውስጥ እስኪገባ አቆዩለት። በአየርላንድ ወይም በብሪታንያ የምትኖሩ ደግሞ ልጆቹን ሰሜን አየርላንድ ወደሚገኘው የግዙፉ መንገድ ውሰዷቸው። ወደ 40,000 የሚጠጉ የድንጋይ ዓምዶች ባሕር ውስጥ ይገባሉ። ሳይንሱ የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ ነው ይላል፤ የአካባቢው ሰው ፊን ከስኮትላንዱ ግዙፍ ጋር ለመግጠም የሠራው መንገድ ነው ይላል። ሁለቱንም ንገሯቸው።